አሥራ ሰባተኛው ስፍራ

በዚያ ማለዳ በእርዮም ምድር፣ በታሕራም ከተማ እኩል ለሁለት ያልተሰነጠቀ ነገር አልነበረም። ስንጥቁ ከምሥራቁ በር ተነሥቶ ቅጥሩን፣ የዳኞችን ድንጋይና የንግሥት ሣህላትን ዙፋን አቋርጦ በምዕራቡ በር ወጣ። አናጢዎች በገመድ ለኩት፤ ግራውና ቀኙ በጸጉር ስፋት እንኳ አይበላለጡም። በየቤቱም ወፍጮው ለሁለት፣ ምሰሶው ለሁለት፣ እንስራው ለሁለት ሆኖ ተገኘ።

ሰው ግን አልጮኸም። ምልክቱን ሽማግሌዎቹ ያውቁታል፤ ሕፃናቱም ከሽማግሌዎቹ ሰምተዋል። በጉርጉም ሸለቆ ስድሳ ዓመት የተኛው አውሬ፣ ሸንሻኝ፣ ነቅቷል። በሃያ አንደኛው ቀን መጥቶ ከየቤቱ የልጆቹን እኩሌታ ይወስዳል። አራት ካሉበት ሁለት፣ ሁለት ካሉበት አንድ። የትኛው ሄዶ የትኛው እንደሚቀር ደግሞ ወላጅ በገዛ አፉ ተናግሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የእርዮም ሰው ከጥርሱ ይልቅ የሚፈራው ይህን ነበር።

ሐመልት የከተማይቱ ቆጣሪ ነበረች። በእርዮም ቆጣሪ ማለት ሠራዊት ሲነሣ የሚቆጥር፣ ሲመለስም የሚቆጥር፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነው። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው። እናትና አባቷ በአንድ የወረርሽኝ ክረምት ካለፉ ወዲህ ከወንድሟ ከአዝማን ጋር ሆና መንታ እህቶቿን ፍልቂትንና ምንጪትን አሳድጋለች። በዚያ ማለዳ መንታዎቹ በተሰነጠቀው ምሰሶ ግራና ቀኝ ቆመው ሲያዩዋት፣ የትኛዋን እንደምታስቀር የሚጠይቋት መሰላት። ዓይኗን ከሁለቱም አሸሸች። ያን ጊዜ በልቧ ቆረጠች፤ ምርጫው ደጃፏ ሳይደርስ ወይ እሷ ትሞታለች፣ ወይ ሸንሻኝ ይሞታል።

ንግሥቲቱ በተከፈለው ዙፋን በአንዱ እኩሌታ ላይ ተቀምጣ ሸንጎ ጠራች። መምህር ሥሉጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቁጥርን እንደ መንጋ ሲጠብቅ ያረጀ ሰው፣ በሁለት ደቀ መዛሙርት ተደግፎ ቀረበ።

« ንግሥት ሆይ » አለ፣ « የአውሬው አንገት አንድ ነው። አንዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት፣ ስምንቱ ለአሥራ ስድስት። በአሥራ ስድስት አፍ ይይዛል፤ ነገር ግን ድርሻው እኩል ሳይሆን አይውጥም። እኩልም ሲሆን ታላቁ አፍ ሳይውጥ ታናሹ አይውጥም። ተፈጥሮው ነው። »

« ታዲያ ሺህ ጦር እንላክበታ! » አለ አለቃ ዳምጥ፣ የንግሥቲቱ የጦር አዛዥ። ደረቱ እንደ በር ሰፊ፣ ጺሙ ከእድሜው ቀድሞ የሸበተ ሰው ነበር።

« አያቶቻችን ሺህ ላኩ » አለ መምህሩ፣ « ሺህ ለአሥራ ስድስት ሲካፈል ስድሳ ሁለት ስድሳ ሁለት ይደርሳል፤ ስምንት ይተርፋል። ስምንቱን ለስምንት አፍ ሰጠ። የጠገቡት ስምንት ያልጠገቡትን ስምንት ተጭነው ያዙ። ሺውም አለቀ። አሁን የምለውን ስሙ። አሥራ ሰባት ብቸኛ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ አልተፈጠረለትም። ለሁለት ስጠው፣ አንድ ይተርፋል። ለአራት ስጠው፣ አንድ። ለስምንት፣ አንድ። ለአሥራ ስድስትም አንድ። አንገቱ በተከፈለ ቁጥር ያችው አንድ እያሾፈች ትጠብቀዋለች። ሠላሳ ሦስትም አንድ ያተርፋል፤ ሠላሳ ሦስትን ግን በሦስት በሦስት ማሰር ይቻላል። አሥራ ሰባትን የሚያስር ገመድ የለም። ለአንድ ጉርሻ አሥራ ስድስት አፍ ይነሣል። እያንዳንዱ አፍ የአሥራ አምስቱ ጠላት ይሆናል። እርስ በርስ ሲበላሉ፣ በየአፉ የተያዘው ሰው የባልጩት ጩቤውን ይዞ ከውስጥ ይቁረጥ። »

« የተረፈውስ ሰው? » አለች ሐመልት።

መምህሩ ዝቅ ብሎ መሬት አየ። « አሥራ ስድስት አፍ ይቀራመተዋል፤ ለመቅበር የሚበቃ ሥጋ አይገኝለትም። ማን እንደሚሆንም አውሬው እንጂ ሰው አይመርጥም። »

አሥራ ሰባቱ በዚያው ቀን ቆሙ። አለቃ ዳምጥ መጀመሪያ ወጣ። አዝማን ሁለተኛ፣ ሐመልት ሦስተኛ። ጭምዶ የሚባል ቀጭን ቀስተኛ ደግሞ « ሥጋ የለኝም፣ የሚደርሰው አፍ ይከሰኛል » እያለ በአራተኛነት ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉ። እያንዳንዳቸው ከጥቁር ባልጩት የተሳለ ጩቤ ታጥቀው እጃቸውን በንግሥቲቱ ጋሻ ላይ አኖሩ። « እኩል አንሆንም! አንከፈልም! የተረፈው ይሙት፣ የተያዘው ይቁረጥ! » ብለው ማሉ።

በመምህሩ ትእዛዝ በአራት ጓድ ሆነው ተጓዙ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። የመጀመሪያዎቹ አራት ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ሲደመሩ አሥራ ሰባትን ይሰጣሉ። ሐመልትና አዝማን ሁለቱ ሆነው ከፊት ሄዱ። አዝማን የሚራመደው እያፏጨ ነበር። የሚያፏጨውም አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ እሱንም አበላሽቶ። ሐመልት « ወይ ጨርሰው፣ ወይ ተወው » ትለው ነበር። ኋላ፣ ብዙ ዓመት ቆይቶም፣ ከዚያ ጉዞ ሌላው ሁሉ ሲደበዝዝባት ያ የተበላሸ ዜማ ብቻ ጥርት ብሎ ይሰማት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ ከአናት ሳለች፣ ቀንደ ጅቦች በወንዝ መሻገሪያ መልካ ላይ ጠበቋቸው። አውሬዎቹ ወይፈን ያህላሉ፤ በግንባራቸው አንድ ጥቁር ቀንድ አለ። ከድንጋይ ጀርባ ዘለው ወንዙ መካከል ገቡ። ውኃው ወዲያው ቀላ። ጭምዶ ሦስቱን በጉሮሯቸው ወጋቸው። አለቃ ዳምጥ አንዱን በመንጋጋው ይዞ እስኪሰነጠቅ ድረስ ከፈተው። ሐመልት የተንሸራተተችው ያን ጊዜ ነው። በጀርባዋ ወደቀች፤ ቀንዱ ወደ እሷ ሲመጣ አየችው። አዝማን በመካከላቸው ገባ። ቀንዱ በእምብርቱ ገብቶ እስከ ጎድኑ ቀደደው። አዝማን ግን አልለቀቀም። አንጀቱ በውኃው ላይ እየተዘረጋ፣ የጅቡን ዓይን በባልጩቱ ቆፍሮ ቆፍሮ አብረው ወደቁ።

ወደ ዳር ስታወጣው አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ደም ብቻ ወጣ። እጁ እጇን እንደ ያዘ ነበር፤ ከዚያ እጁ ከበደ። የሞተ ሰው እጅ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክብደቱ አይጨምርም፤ ግን ያነሣው የነበረው ይቀራል።

ሐመልት ለመጮህ አፏን ስትከፍት አለቃ ዳምጥ በመዳፉ ከደነው። « አይሆንም፣ እኅቴ። ሸለቆው ቅርብ ነው። አውሬው ልቅሶ ከሰማ መጉደላችንን ያውቃል። »

አዝማንን በጋሻ ላይ አጋድመው በነጠላ ሸፈኑት። ረጅም ስለ ነበር እግሮቹ ከጋሻው ወጥተው ቀሩ። ከወንዙ ርቀው ጥላ ሥር እንደ ተቀመጡ ጭምዶ ጉሮሮውን ጠረገ።

« አለቃ፣ አንድ ነገር ልበል። ግማሽ ቀን መንገድ ወደ ግራ ጨው ቆራጮች አሉ። ደፋር ሕዝብ ነው። አንድ ሰው እንለምናቸው። »

« ለምን? »

« ለምን ይሉኛል እንዴ! አሥራ ስድስት ነን። አሥራ ስድስት ማለት'ኮ ለአውሬው የተቆራረሰ ዳቦ ነው። ሁለት ቢሉት እኩል፣ አራት ቢሉት እኩል፣ ስምንት ቢሉት እኩል። ቢላ እንኳ አይፈልግም። »

አለቃ ዳምጥ ተቆጣ። ሕግ የሚወድ ሰው ነበር፤ ሕግ ሲነካበት ጺሙ ይቆም ነበር። « በእርዮም ያልተለቀሰለት ሰው አልሞተም። ሙሾ ሳይወርድለት ከቁጥር አይወርድም። ሙሾ ሳይወርድለት ስፍራውን ለሌላ የሰጡበት ሰው ነፍሱ መቆሚያ አጥታ ትዞራለች። አባቶቻችን እንዲህ ደነገጉ። አዝማን ከእኛ ጋር ነው። »

« ሕጉን እርስዎ ያውቁታል፣ አለቃ። ሸንሻኝ ያውቀዋል ወይ? »

አንዳንዶቹ ሳያስቡት ሳቁ፤ ወዲያው አፈሩ። አለቃ ዳምጥ ወደ ሐመልት ዞረ። « ክርክር አያሻም። ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ። ቃልሽ ቃላችን ነው። ስንት ነን? »

ሐመልት ተነሣች። ታውቅ ነበር። ቁጥርን ከፊደል በፊት የተማረች ልጅ ናት፤ ከአሥራ ሰባት አንድ ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር አልጠፋትም። ግን የወንድሟ እግሮች ከጋሻው ወጥተው በአቧራው ላይ ተቀምጠዋል። ጨው ቆራጩ መጥቶ፣ ስሙን እንኳ የማታውቀው ሰው፣ ከጎኗ ሲራመድ ታያት። አሥራ ስድስት ብትል አዝማንን በሁለተኛ ሞት የምትገድለው እሷ ራሷ ትሆናለች። ምላሷ እምቢ አላት።

« አሥራ ሰባት ነን » አለች።

ጭምዶ ቀስቱን ትከሻው ላይ አደረገ። « እንግዲህ ቆጣሪ ብላለች » አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉርጉም ሸለቆ ገቡ። ድንጋዩ ሁሉ እኩል ለሁለት የተከፈለ፣ ዛፉ ሁሉ ባለ ሁለት ጫፍ ነበር። አራት በአራት ሆነው ቆሙ፤ ከፊታቸው፣ በአሥራ ሰባተኛው ስፍራ፣ አዝማንን በጋሻው ላይ አጋደሙት። አለቃ ዳምጥ ጦሩን በጋሻው መታ። « ሸንሻኝ ሆይ! የማይከፈሉት መጥተዋል! »

ተራራ የመሰላቸው ነገር ተነሣ። ቆዳው እንደ ናዳ ይንሸራተታል። አንድ አንገት ወደ ሰማይ ወጣ፤ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት፣ ስምንቱ ለአሥራ ስድስት። በየጫፉ ዓይን የሌለው፣ ጥርሱ ሦስት ተራ የሆነ አፍ ነበር። አንዱ አፍ ዝቅ ብሎ የአዝማንን ነጠላ አሸተተ። ከዚያ ድንጋይ እንዳገኘ ሁሉ በአፍንጫው ገፍቶ አለፈው።

የዚያን ጊዜ ለሐመልት ገባት። አፉ አዝማንን አልቆጠረውም።

አንገቶቹ እንደ ጅራፍ ወረዱ። እያንዳንዱ አፍ አንድ አንድ ሰው በወገቡ ነክሶ ወደ ላይ አነሣ። ጥርሱ ቆዳ ቀደደ እንጂ አጥንት አልሰበረም፤ ገና ድርሻውን እያየ ነው። ሐመልት አሥር ክንድ ከፍ ብላ ተንጠልጥላ ወደ ታች አየች። መሬት ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ጋሻው ብቻ። አሥራ ስድስቱ ጉሮሮ በአንድነት እፎይ አለ፤ የጠገበ ሰው እንደሚለው። እኩል ደርሶታል።

ታላቁ አፍ ጀመረ። በቀኝ ዳር የተያዘው ጦረኛ ጩቤውን እንኳ ሳያነሣ ለሁለት ተቆረጠ፤ እግሮቹ ወደቁ፣ ቀሪው ተዋጠ። ሁለተኛው አፍ ተከተለ። ሦስተኛው ጦረኛ የእናቱን ስም እየጠራ ገባ። ደሙ ከላይ እንደ ዝናብ ወረደባቸው። ከውስጥ መቁረጥ የሞከሩት ሁሉ ጥርሱ ጠበቀባቸው፤ አፍ ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ ተራውን አክብሮ፣ ድርሻውን አጥብቆ ይዟል። የሚጣሉበት ነገር የለም።

« አሥራ ስድስት ነን! » ብላ ጮኸች ሐመልት። « ዋሸሁ! ወንድሜ ሞቷል! አሥራ ስድስት ነን! »

ጩኸቷ ሸለቆውን ዞረ። አራተኛው አፍ መንጋጋውን ይገጥም ጀመር። ያን ጊዜ ሐመልት መንገዱን አየችው። አውሬው ሬሳ አይቆጥርም። አንድ አፍ በድን ይዞ ከቀረ፣ ድርሻ የለውም። አሥራ አምስት ለአሥራ ስድስት አይበቃም። ባልጩቷን አዙራ ጫፉን ከጡቷ በታች አደረገች። የመንታዎቹ ፊት መጣባት።

« አንቺ! » አለ ከጎኗ ካለው አፍ አለቃ ዳምጥ። ጥርሱ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ፊቱ አመድ መስሏል። « አውርጂው! »

« ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አለቃ! »

« ሕጉን ያነበበልሽ ማን ሆነና? ልትናገሪ የፈለግሽውን በሕግ ዘጋሁብሽ። » ትንፋሽ አጠረው። « ለሚስቴ እውነቱን ንገሪያት። ውሸት ስትሰማ ታውቃለች፤ ሃያ ዓመት ሞክሬያታለሁ። » ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሸለቆው እስኪሰማ፣ « ስሙ፣ የእርዮም ልጆች! ከአሁን ጀምሮ አዝማን ከቁጥር ወጥቷል! እኔም ወጥቻለሁ! ቁረጡ! » አለና ባልጩቱን በገዛ ልቡ እስከ እጀታው ሰደደው።

የያዘው አፍ የበድን ደም ቀመሰ። ተንቀጠቀጠና ተፋው። ባዶ ሆኖ ግራ ቀኝ አሸተተ። ሌሎቹ ሁሉ ወይ ውጠዋል፣ ወይ ይዘዋል። እሱ ብቻ የለውም። ከዚያ ጮኸና የጎረቤቱን አንገት ነከሰ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጦርነት አልነበረም፤ እርድ ነበር፤ አራጁም ታራጁም አንድ አካል። የተነከሰው አፍ የያዘውን ለመጠበቅ ሌላውን ነከሰ፤ ያኛው ቀጣዩን። አንገት ከአንገት ተጠመጠመ። መንጋጋ ሲላላ ባልጩቶች ሥራ ጀመሩ። ሐመልት ምላሱን ከሥሩ ቆረጠችው፤ የሚንቀሳቀሰውን ስጋ ረግጣ እጇን ጉሮሮው ውስጥ አስገብታ ደም ሥሩን ፈልጋ በጠሰችው። አፉ ሲዘጋ ግራ እጇ ከአንጓው በታች ውስጥ ቀረ። ሕመሙን ያወቀችው መሬት ላይ ከወደቀች በኋላ ነው። ከእሷ ማዶ ሁለት አፎች አንድ ጦረኛ ለሁለት ተጓተቱ፤ ሌላው ጦረኛ ከላይ ወድቆ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ፤ ሌላውን የወደቀ አንገት ደፈጠጠው። ጭምዶ አንድ ጆሮው ተገንጥሎ፣ በደም እየተንሸራተተ ወደ ታላቁ አንገት መክፈያ ሮጠ።

« እዚህ ነው ሥሩ! » አለ። « እዚህ! ከአንድ ወደ ሁለት የሚሆንበት! »

የቀሩት ሁሉ በዚያች ቦታ ላይ ተረባረቡ። በባልጩት፣ በድንጋይ፣ ሐመልት በአንድ እጇ፣ ቆረጡ። ጥቁር ደም ፊታቸውን ደፈነው። መክፈያው ሲበጠስ አሥራ ስድስቱ አፍ በአንድ ጊዜ ተከፈተና ሳይዘጋ ቀረ።

ሸለቆው ዝም አለ። ጭምዶ የተገነጠለ ጆሮውን ቦታ ዳብሶ « እንኳን ቀስተኛ ሆንኩ » አለ፣ « እረኝነት ቢሆን በጎቹን አልሰማም ነበር። » ማንም አልሳቀም። እሱም ተቀምጦ ማልቀስ ጀመረ። የዚያን ጊዜ ሐመልት ወደ ጋሻው ሄዳ፣ የወንድሟን እግሮች በጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከትናንት ጀምሮ የታፈነውን ሁሉ ለቀቀችው። ለእሱ ጀምራ ለአለቃው፣ ለአለቃው ብላ ለስድስቱ። ሙሾዋ ሲያልቅ ማንም ሳይጠይቃት ተነሥታ ቆጠረች። ዘጠኝ ነበሩ።

በመንገድ ላይ ጭምዶ ከጎኗ ሄደ። « እኅት ዓለም፣ ሸንሻኝ ገደላቸው እንበል። ውሸትም አይደለም። ማን ሊጠይቀን? »

ሐመልት እርምጃዋን አፈጠነች።

ታሕራም ሲደርሱ ነጋሪቱ ተመታ። ንግሥቲቱ ከበሩ ወጥታ በሐመልት ፊት ዝቅ አለች። መንታዎቹ ሕዝቡን እየገፉ መጥተው አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በተቆረጠው እጅ በኩል ተጠመጠሙባት። ሁለቱም። ሐመልት ራሳቸውን ሳመች፤ ግን አልተቀመጠችም። በእርዮም ከቆጣሪው ቤተሰብ በቀር የዘማች ቤተሰብ ወደ ከተማው በር አይወጣም፤ ቆጣሪው ደጁ ድረስ እስኪመጣ በቤቱ ይጠብቃል። የአለቃ ዳምጥ ሚስት እትዬ ወርቅያ ግን ሥርዓቱን ጥሳ በሕዝቡ መካከል ቆማ ነበር።

« ባሌን ምን ገደለው? » አለች።

ጭምዶ እንድትጠነቀቅ እህ እህ አለ። ሐመልት ቀና ብላ አየቻት።

« የገዛ ጩቤው፣ እትዬ። በእኔ ቃል ምክንያት። ወንድሜ መንገድ ላይ ሞቶ አሥራ ስድስት ቀርተን ነበር። ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ሰው ይገኝ ነበር። እያወቅሁ አሥራ ሰባት ነን አልኩ። ሦስት ሰው ተዋጠ። ባልሽ እኛን ለማትረፍ ራሱን ወጋ። ከዚያም ሦስት ሞቱ። »

ነጋሪቱ ቆመ። እትዬ ወርቅያ ቀረብ ብላ በጥፊ መታቻት፤ የሐመልት ከንፈር ደማ። መንታዎቹ ጮኹ። ሐመልት አልሸሸችም።

« ይህ የእኔ ነው » አለች እትዬ ወርቅያ። « ለስድስቱም ቤት እንዲሁ እንደ ነገርሽኝ ትነግሪያለሽ። አንዲት ቃል ሳትሸፍኚ። የሚሰጡሽንም ትቀበያለሽ። »

« እሺ፣ እትዬ። »

« ዛሬውኑ። »

« አሁን እሄዳለሁ። »

ሐመልት መንታዎቹን ለጭምዶ አስረክባ መንገድ ጀመረች። ጥቂት እንደ ሄደች ከኋላዋ እርምጃ ሰማች። እትዬ ወርቅያ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳ ደረሰችባትና በደህናው ክንዷ ያዘቻት።

« ይቅር አላልኩሽም » አለች ፊት ለፊት እያየች። « ግን ስድስት ቤት ብቻሽን አትችይውም። »

የመጀመሪያው ቤት ደረሱ። የነጋሪቱን ድምፅ የሰሙት የቤቱ ሰዎች ከውስጥ እልል ይላሉ። ሐመልት እልልታው እስኪያባራ ትንሽ ቆመች፤ አላባራም። እጇን አንሥታ አንኳኳች።